የአንድ ካሴት መንገድ፦ ኃይሉ መርጊያና «ጠፋ» የተባለው ሙዚቃ

የሰሜን ሸዋ ታሪክ ሲነሣ አንኮበር ከነነገሥታቷ፣ ደብረ ብርሃንም ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጋር መወሳታቸው አይቀርም። ከወረዳ ከተማዋ ደነባ ወደ ደብረ ብርሃን ለጉዳይ የሚመላለስ ወጣት ይህን ያህሉን ከትምህርት ቤት ያውቀዋል። በዚያችው ደብረ ብርሃን በ1946 የተወለደውንና ዛሬ ሙዚቃው በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች የሚደመጠውን ሰው ግን የሚያነሣው ጥቂት ነው። ሰውየው የአኮርዲዮንና የኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ስለ ሸክላዎቹና ስለ ካሴቶቹ የተጻፈው አብዛኛው ሰነድ በዚያ ስለሚቆጥር አልቀየርኩትም።)

ስለ ኃይሉ ከ2013 ወዲህ በውጭ ጋዜጦች ብዙ ተጽፏል። ትረካው ከጋዜጣ ጋዜጣ እምብዛም አይለያይም፤ ታላቅ ሙዚቀኛ ነበረ፣ ተረሳ፣ ታክሲ ሲነዳ ተገኘ ይላል። ጥሩ ወሬ ነው። ለታሪክ ሰው ግን ጥሩ ወሬ ሁሉ ያጠራጥራል። የዘመኑ ሸክላና ካሴት፣ በኋላ እንደገና ሲታተሙ አብሯቸው የወጣው ጽሑፍ፣ ሙዚቀኞቹም ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለጋዜጠኞች የሰጡት ቃል ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሌላ መልክ ያለው ነገር ይወጣል። የሙዚቀኞቹ ቃል በስሜት ረገድ እጅግ ሀብታም ነው፤ በቀን ጉዳይ ግን ብቻውን አይታመንም። ስለዚህ ከመነሻው መጀመር ይሻላል።

ኃይሉ በአሥር ዓመቱ ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ በአሥራ አራት ዓመቱ አኮርዲዮን ራሱን አስተማረ። በከተማዋ ዘመናዊው ሙዚቃ የሚኖረው በመንግሥት እጅ ነበር። የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች መድረኩን ይዘዋል፤ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብትም በአዋጅ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። ይህን አጥር የጣሰው ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረው አምሃ እሸቴ ነው። በ1969 አምሃ ሬከርድስን አቋቁሞ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ። እስር ሊከተለው እንደሚችል እየተነገረው ገፋበት። አልታሰረም፤ እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችና 12 ረጃጅም ሸክላዎች አወጣ። በአገሪቱ በጠቅላላ ከ1969 እስከ 1978 የታተሙት ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎች ወደ 500 ይጠጋሉ፣ ረጃጅሞቹም 30 ያህል ናቸው። ዛሬ ዓለም «የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን» እያለ የሚያደንቀው ሁሉ ከዚህ ጠባብ ክምር የወጣ ነው።

ደርግ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ፤ ሆኖም ብዙዎች እንደሚጽፉት ሙዚቃው በአንድ ጀምበር ዝም አላለም። በሰዓት እላፊው ምክንያት የምሽት ሕይወት ተቆለፈ ይባላል። በሆቴል ውስጥ ግን መቆለፉ ቃል በቃል ነበር። ኃይሉ የሚጫወትበት ዋልያስ ባንድ በአዲስ አበባ ሂልተን ቋሚ ሥራ ነበረው፤ እንግዳው ሰዓት እላፊ ሳይጀምር ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ሲነጋ ይለቀቃል። ባንዱም ሌሊቱን ሙሉ ይጫወታል። ሙዚቀኛ ከዚህ የበለጠ ልምምድ ከየት ያገኛል? የተጨቆነ ዘመን ነበር ማለትም፣ ባንዶች የበሰሉበት ዘመን ነበር ማለትም እውነት ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ለመያዝ የማይፈልግ ጸሐፊ አንዱን መቁረጡ አይቀርም።

በ1977 ዋልያስ «ቼ በለው» የተሰኘውን ረጅም ሸክላ በካይፋ ሬከርድስ በኩል አወጣ። ድምፃዊ የለበትም ማለት ይቻላል፤ ኦርጋኑ፣ ሳክስፎኑና ትራምፔቱ ናቸው የሚናገሩት። በዚያ ጊዜ የዘፈን ግጥም ለሳንሱር ይቀርብ ነበር። ግጥም የሌለው ሙዚቃ ለመርማሪ የሚሰጠው ነገር የለም፤ ባንዱ ይህን አስቦ ይሁን ሳያስብ፣ ከሞላ ጎደል በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሸክላ በዚያ ዓመት መውጣቱን እንዲሁ የአጋጣሚ ነገር አድርጌ ለማለፍ ይቸግረኛል። በሸክላው ላይ ያለው «ሙዚቃዊ ስልት» የግርማ በየነ ድርሰት ነው፤ በኋላ ዘመን የውጭ ባንዶች ደጋግመው ከተጫወቷቸው የኢትዮጵያ ዜማዎች አንዱ ሆኗል።

ሸክላ ግን እያለቀለት ነበር፤ የገደለውም ደርግ ብቻ አይደለም። ካሴት መጣ። ሸክላ ማሳተሚያው በውጭ አገር ነበር፣ በውጭ ምንዛሪ ይከፈልበታል፣ ማጫወቻውም መብራት ይፈልጋል። ካሴት ግን አዲስ አበባ ውስጥ ይገለበጣል፣ በድንጋይ ባትሪ ይጮኻል፣ በአውቶቡስ ጋቢና ውስጥ እየዘፈነ ከከተማ ከተማ ይሄዳል። ደነባን በመሰሉ የወረዳ ከተሞች ዘመናዊው ሙዚቃ በሰፊው የገባው በዚህ መንገድና በሬዲዮ ነው እንጂ በሸክላ አይደለም። ይህን ማስታወስ የሚያስፈልገው ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ ይታያል፤ ሰብሳቢዎች የናቁት ካሴት ነው ነገሩን ያዳነው። ኃይሉ ራሱ በ1978 ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠራው «ወደ ሐረር ጉዞ» የወጣው በካሴት ነው።

በ1981 ዋልያስ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ድምፃውያኑ ጌታቸው ካሳና ውብሸት ፍሥሐ አብረው ነበሩ። በአሜሪካ የተዘዋወረ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ዘመናዊ ባንድ ነው ይባላል። አዳራሹን የሞላው አብዛኛው ሕዝብ ስደተኛ ወገን ነበር። ጉዞው ሲያበቃ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ፤ ገሚሶቹ ተመለሱ፣ ኃይሉ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላኩ ገብሬ ዋሽንግተን ቀሩ። የቀሩት ዙላ ባንድን መሠረቱ፤ በኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና ክበቦች ሠሩ።

እዚያው ዋሽንግተን ውስጥ በ1985 ኃይሉ ብቻውን ወደ አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ገባ። ልጅ ሳለ የተማረውን አኮርዲዮን ይዟል፤ ሮድስ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና ከበሮ የሚመታ ማሽን አሉ። ባንድ የለም፣ ዘፋኝ የለም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባ ጆሮ የለመደውን የአኮርዲዮን ድምፅ፣ ኪቦርድ ጠራርጎ ካስወጣው በኋላ፣ በዚያው በኪቦርድ መሀል መልሶ አስቀመጠው። ነባሮቹ ዜማዎች አንዱንም ኖታ ሳይጣደፉ፣ በማሽኑ ወጥ ምት ላይ ይንሳፈፋሉ። ካሴቱ «ሸሞንሟናዬ» በሚለው ዜማ ስም ይታወቃል። በአገር ቤት ተሰማ፣ ተገለበጠ፤ ከዚያ እንደ ማንኛውም ካሴት በሌላ ካሴት ተተካ።

«ተረሳ» የተባለው ዘመን ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። ሰነዱ ምን ይላል? ኃይሉ እስከ 1991 ገደማ በመድረክ ሠርቷል። ከዚያ በዋሽንግተን ሱኩስ የሚባል ክበብ ይዞ እስከ 1998 ቆየ። ክበቡ ሲዘጋ ታክሲ መንዳት ጀመረ፤ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ይህ የተሰወረ ሰው ታሪክ አይደለም፤ ሥራ የቀየረ ሰው ታሪክ ነው። የዋሽንግተን ሐበሻ የት እንዳለ ያውቅ ነበር። ታክሲ መንዳትን እንደ ውድቀት የሚያየው የጋዜጣ ዓይን ነው እንጂ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ስደተኛ አይደለም።

እስከዚያው የውጭው ዓለም ጆሮ በሌላ በር ተከፍቶ ነበር። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1984 የማሕሙድ አሕመድን ሸክላ ሰምቶ በ1985 አዲስ አበባ ድረስ መጣ። በ1986 የማሕሙድ «እሬ መላ መላ» በቤልጂጉ ክራምድ ዲስክስ ታተመ፤ ከ1997 ጀምሮም «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ ሥራ በፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ መውጣት ጀመረ። አራተኛው ቅጽ የሙላቱ አስታጥቄ ነበር። ጂም ጃርሙሽ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ የሙላቱን ሙዚቃ ሲጠቀም የኢትዮጵያ ጃዝ ከሰብሳቢ መደርደሪያ ወጥቶ ሲኒማ ገባ። ሃያ አንደኛው ቅጽ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ያዘ። የፋልሴቶ ውለታ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ምርጫው በሸክላው ዘመን ላይ ያተኮረ ነበር። የ1980ዎቹ ካሴት፣ በተለይም ሲንተሳይዘር ያለበት፣ ለብዙ አድማጭ እንደ ውድቀት ዘመን ሙዚቃ ይታይ ነበር።

ይህን ሚዛን የለወጠው አሜሪካዊው ብራየን ሺምኮቪትዝ ነው። የአፍሪካን ካሴት እየሰበሰበ በኢንተርኔት ያሰማ የነበረው ይህ ሰው የኃይሉን የ1985 ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ አገኘ። ስልክ ቁጥሩን ፈልጎ ለኃይሉ ደወለ። በ2013 ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በተባለው አሳታሚው በኩል ካሴቱ በሸክላ፣ በሲዲና በኢንተርኔት ወጣ። ትርፉን ከሙዚቀኛው ጋር እኩል መካፈል የአሳታሚው ደንብ መሆኑም መጻፍ አለበት፤ በአፍሪካ ሙዚቃ ታሪክ ይህ የተለመደ አልነበረም። በ2014 «ቼ በለው»፣ በ2016 «ወደ ሐረር ጉዞ» ተከተሉ። ኃይሉም በአሮጌው ስም ብቻ አልኖረም፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አዲስ ሠርቶ አወጣ።

በእነዚያው ዓመታት ጃፓን ውስጥ የሆነውን ከዚህ ጋር ማስተያየት ያስተምራል። ሲቲ ፖፕ የሚባለው የ1970ዎቹ መጨረሻና የ1980ዎቹ የከተማ ሙዚቃ ከጃፓን የኢኮኖሚ ዕድገት ጋር፣ ከመኪና ቴፕና በ1979 ከወጣው ዎክማን ጋር የተወለደ ነው። ዘፋኟ ማሪያ ታኬውቺ በ1984 ያወጣችውን «ፕላስቲክ ላቭ» በ2017 አንድ አድማጭ ዩቲዩብ ላይ ጫነው፤ የዩቲዩብ ቀመር ያለ ማንም ማስታወቂያ ከ20 ሚሊዮን ጊዜ በላይ አስደመጠው። ከዚያ በምስሉ ላይ የፎቶግራፍ መብት ጥያቄ ተነሥቶ ወረደ። የሚኪ ማትሱባራ የ1979 ዘፈንም በ2020 ቲክቶክ ላይ ዓለምን ሲዞር ዘፋኟ ከሞተች 16 ዓመት ሆኗት ነበር።

የሲንተሳይዘሩ ለስላሳ ድምፅ፣ የከበሮ ማሽኑና የሌሊት ከተማ ስሜት ኃይሉን ከጃፓኖቹ ጋር በአንድ አድማጭ ጆሮ አገናኝቷቸዋል። ልዩነቱ ከጀርባ ነው። ጃፓን ውስጥ ኩባንያዎቹ አልፈረሱም፤ ዋናው ቅጂም፣ ውሉም፣ ባለመብቱም ይታወቃሉ። ስለዚህ ዘፈኑ በኢንተርኔት በድንገት ሲፈለግ የሚሰጥ ባለቤት ነበረ። በእኛ አገር አሳታሚው ተሰደደ፣ ባንዱ ተበተነ፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 እንኳን የወጣው በ2004 ነው። የኛው ሙዚቃ የተገኘው በቀመር አይደለም፤ አንድ ሰው ካሴት ገዝቶ፣ ስልክ ፈልጎ በመደወሉ ነው።

እንግዲህ «የጠፋ ሙዚቃ ተገኘ» የሚለው አባባል ግማሹ ብቻ ልክ ነው። ዜማው ከሕዝቡ ጆሮ ጠፍቶ አያውቅም፤ የጠፋው ማስረጃው ነው። ማን ምን እንደተጫወተ፣ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ስቱዲዮ፣ በማን ገንዘብ እንደተቀዳ የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ የካሴቱ ልባስ ወረቀት ብቻ ነው። ያ ወረቀት ደግሞ በቤተ መዛግብት ሳይሆን በየሰዉ ሣጥን ነው ያለው። ስለዚህ የደነባና የደብረ ብርሃን አንባቢ ሆይ፣ የአባትህ ወይም የእናትሽ ካሴት ካለ፣ ምስጥ ሳይበላው ሽፋኑን በስልክ ፎቶ አንሡት፣ ጽሑፉን ገልብጡት፣ ቴፑንም ከተቻለ ወመዘክር ወይም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አድርሱት።