ከመርከበኞች ሆስፒታል እስከ ቡታጅራ
(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

የሕብረተሰብ ጤና በድኅረ ምረቃ ደረጃ መሰጠት ሲጀምር ተማሪዎቹ ሐኪሞች ብቻ ነበሩ። የደብሊኑ ትሪኒቲ ኮሌጅ በ1871 በዘርፉ ዲፕሎማ መስጠት ጀመረ፤ ካምብሪጅ በ1875 ተከተለ። የትምህርቱም ትኩረት የአገር ውስጥ ጉዳይ ነበር፤ የመጠጥ ውኃ፣ ፍሳሽ፣ የመኖሪያ ቤት ንጽሕና፣ የፈንጣጣ ክትባት።

ከድንበር ማዶ ያለውን በሽታ ወደ ትምህርት ክፍል ያስገባው ቅኝ ግዛት ነው። በምዕራብ አፍሪካ የተሠማሩ የእንግሊዝ ነጋዴዎችና ሹማምንት በወባና በቢጫ ወባ ይረግፉ ነበር። በዚያው ዘመን ፓትሪክ ማንሰን ቻይና ውስጥ የዝሆኔ በሽታ ትል በትንኝ ሰውነት ውስጥ እንደሚያድግ በ1877 ደረሰበት። ሮናልድ ሮስ ደግሞ በማንሰን ምክር እየተመራ በ1897 ሕንድ ውስጥ የወባን ተሕዋስ በትንኝ ሆድ ዕቃ አገኘ። በ1898 የመርከብ ኩባንያ ባለቤቱ አልፍሬድ ጆንስ በሰጠው ገንዘብ የሊቨርፑል የሐሩር ክልል ሕክምና ትምህርት ቤት ተቋቋመ። በዓመቱ ማንሰን የለንደኑን በአልበርት ወደብ የመርከበኞች ሆስፒታል ውስጥ ከፈተ። ቦታው በዘፈቀደ አልተመረጠም፤ ትኩሳት ይዞት ከመርከብ የሚወርደው መርከበኛ እዚያው ስለሚታከም፣ ተማሪው ከለንደን ሳይወጣ የሩቅ አገር በሽታን በማይክሮስኮፕ ያይ ነበር። ይሁን እንጂ ትምህርቱ በመጀመሪያ የታሰበው የቅኝ ገዢውን ሹምና ነጋዴ በሕይወት ለማቆየት እንደነበር መሸፋፈን አይገባም። የአገሬው ሕዝብ ጤና የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነበር።

ሌላው ጅምር አሜሪካዊ ነው። ሁክዎርም የተባለውን የአንጀት ትል ለማጥፋት በአሜሪካ ደቡብ የዘመተው የሮክፌለር ድርጅት የሠለጠነ ሰው እጥረት ገጠመው። በ1915 የዘመቻው መሪ ዊክሊፍ ሮዝና ሐኪሙ ዊልያም ዌልች ስለ ትምህርቱ የየራሳቸውን ሐሳብ ይዘው ቀረቡ። ሮዝ በየክፍለ ግዛቱ ተዘርግቶ የመስክ ሠራተኛ የሚያፈራ ትምህርት ፈለገ፤ ዌልች ምርምር የሚመራው ተቋም። የዌልች ሐሳብ አሸነፈና በ1916 የጆንስ ሆፕኪንስ ትምህርት ቤት ተመሠረተ፤ በ1918 ሥራ ጀመረ። ምርጫው ቤተ ሙከራውን አጠንክሯል፤ የመስኩን ሥራ ግን ለረጅም ጊዜ ወደ ጎን ገፍቶታል።

የሮክፌለር ገንዘብ ለንደንንም ለወጠ። 2 ሚሊዮን ዶላር ተሰጥቶት በ1929 የተመረቀው የለንደኑ ትምህርት ቤት የኬፐል ጎዳና ሕንጻ በረንዳዎች በወርቃማ ትንኝ፣ ቁንጫ፣ ትኋንና አይጥ አጊጠዋል። በግድግዳው አናት የተቀረጹት የፓስተር፣ የኮኽ፣ የማንሰንና የሌሎች ስሞች ግን እስከ 2019 ድረስ የወንዶች ብቻ ነበሩ።

ኢትዮጵያ የጀመረችው ለሮዝ ሐሳብ በቀረበ መንገድ ነው። በ1953 በጎንደር አቅራቢያ ደምቢያ ላይ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 7,000 ያህል ሰው ጨረሰ፤ በ1954 የጎንደር የሕብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የሕብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን ያሠለጥንና ቡድን አድርጎ ወደ ጤና ጣቢያ ይልካቸው ነበር። ማስተርስ የፈለገ ባለሙያ ግን ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ መስጠት የጀመረው በ1984 ነው። ብዙም ሳይቆይ ቡታጅራ ላይ ልደትና ሞትን ቤት ለቤት የሚመዘግብ የጥናት ጣቢያ ተቋቋመ፤ ከዚያ ወዲህ የብዙ ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናት የተሠራው በቡታጅራ ቀበሌዎች ነው።