ስለ መሪጌቶች ጉባኤ፤ ከተድባበ ማርያም እስከ ድሬዳዋ

ለደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል መታሰቢያ እንዲሆን በሚታተመው በዚህ መጽሐፍ ስለ ሕንጻውና ስለ አገልጋዮቹ ሌሎች ወንድሞች ጽፈዋልና፥ እኔ በድርሻዬ ስለ ማኅሌቱ፥ ይልቁንም ማኅሌቱን ስለሚመሩት ስለ መሪጌቶች መሰብሰብ ጥቂት ነገር ለመጻፍ ወደድሁ። የምሥራቁን አገር መሪጌቶች፥ ይኸውም የድሬዳዋን፥ የሐረርን፥ የጨርጨርንና የጅጅጋን፥ በአንድ ቦታ ሰብስቦ ማነጋገር ይገባል የሚል አሳብ በካህናቱም በምእመናኑም ዘንድ ይሰማል። አሳቡ መልካም ነው። ዳሩ ግን ተሰብስበው ምን ይሥሩ የተባለ እንደ ሆነ ምላሹ ሁለት ነው። አንዱ ወገን ዜማውን ሁሉ አንድ ያድርጉልን ይላል፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ እያንዳንዱ ከመምህሩ የተቀበለውን ይያዝ፥ ጉባኤም አያስፈልግ ይላል። እኔ ከሁለቱም ጋራ አልስማማም፤ ምክንያቱንም ከአባቶቻችን ሥራ አንሥቼ እገልጻለሁ።

አስቀድሞ የዚህን አገር ነገር መናገር ይገባል። ድሬዳዋ እንደ አክሱም ወይም እንደ ጎንደር በነጋሢ ዙፋን የተቈረቈረች ከተማ አይደለችም፤ የምድር ባቡር የወለዳት ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከዚህ ደረሰና ለጊዜው ቆመ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚህ መካከል ከደጋ በበቅሎ የወረደውና ከባሕር በባቡር የመጣው ሁሉ የሚገናኘው እዚህ ነበር። በደቻቱ ወንዝ በወዲህና በወዲያ፥ በከዚራና በመጋላ፥ ሶማሌውና ኦሮሞው፥ ሐረሪውና አማራው፥ ዐረቡና ሕንዱ፥ ግሪኩና አርመኑ ጎን ለጎን ተቀመጠ። ካህኑም እንደ ነጋዴው ከየአገሩ መጣ። አንዱ ከጎንደር፥ አንዱ ከጎጃም፥ አንዱ ከወሎ፥ አንዱ ከሸዋ መጥቶ በአንድ ቅኔ ማኅሌት ቆመ።

በሐረርማ ነገሩ ከዚህ ቀድሞ የተጀመረ ነው። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በጥር 1879 ዓ.ም. ሐረርን ከያዙ በኋላ መኰንን፥ ኋላ ራስ የሆኑት፥ ገዥ ሆነው ተሾሙ። ራስ መኰንን በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ለቅዱስ ገብርኤል ስለት እንደ ተሳሉና ሲመለሱ የቁልቢን ቤተ ክርስቲያን እንዳሠሩ ይነገራል። ያረፉትም በዚያው በቁልቢ በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ነው። እነሆ፥ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ከኢትዮጵያ ዳርቻ ሁሉ ሕዝብ ወደ ቁልቢ ይወጣል፤ ባቡሩ ከአዲስ አበባ ይሠራ በነበረበት ዘመን ብዙው ምእመን በድሬዳዋ ጣቢያ ወርዶ ወደ ተራራው ይሄድ ነበር። ከምእመናኑ ጋራ መሪጌታውና ደብተራው መቋሚያውን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ቁልቢ ማንም ደብዳቤ ጽፎ ያልጠራው የመሪጌቶች ጉባኤ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ነገር ግን በበዓል ሌሊት ይዘመራል እንጂ ምክር አይመከርም፤ ከበሮ በሚመታበት ስፍራ ማን ከማን ጋራ ይነጋገራል!

አሁን ችግሩን በግልጥ ልናገር። በማኅሌት ጊዜ ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ይቆማሉ፤ በቀኙ ቀኝ ጌታ፥ በግራው ግራ ጌታ አለ፤ መሪጌታው ይመራል። አንዱ ወገን ያለውን ሁለተኛው ይቀበላል፤ ቁም ዜማው፥ ዝማሜው፥ መረግዱ፥ ጽፋቱ በተራው ይመጣል። ረድፉ ሁሉ ከአንድ መምህር የወጣ ከሆነ ሌሊቱ እንደ ውኃ ይፈሳል። ነገር ግን የአንዱ ዜማ የቤተልሔም፥ የአንዱ የቆማ፥ የአንዱ የአጫብር፥ የአንዱ የተጉለት የሆነ እንደ ሆነ፥ በአቋቋምም አንዱ የጎንደርን ላይ ቤት፥ አንዱ ታች ቤትን፥ አንዱ ተክሌን የተማረ እንደ ሆነ፥ አንዱ ሲያነሣ ሌላው ይጥላል፤ የአንዱ መቋሚያ ሲወርድ የሌላው ወደ ጎን ያዘነብላል። ሕዝቡም ከውጭ ቆሞ ሲሰማ ካህናቱ የተጣሉ ይመስለዋል። እንዲህ ያለው ሌሊት የሚያሳፍረው መሪጌታውን ብቻ አይደለም፤ ከፊቱ የቆመው ተማሪም የትኛው እውነት እንደ ሆነ ሳያውቅ ያድጋል። በዚህ በምሥራቅ አገር ደግሞ አስመስካሪ ቤት ሩቅ ስለ ሆነ ተማሪው የሚያየው ያንኑ የተቀላቀለውን ነው።

ይህ መለያየት ከየት መጣ ለሚለው ሰው ታሪኩ እንዲህ ነው። የዜማችን አባት ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው መቶ ዓመት በአክሱም በንጉሥ ገብረ መስቀል ዘመን ግዕዝ፥ ዕዝልና ዓራራይ በተባሉት ሦስት ዜማዎች ድጓውን፥ ጾመ ድጓውን፥ ምዕራፉን፥ ዝማሬውንና መዋሥዕቱን እንደ ደረሰ ሊቃውንት ያስተምራሉ። ከእርሱም በኋላ ዜማው ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ሲተላለፍ ብዙ መቶ ዓመት ኖረ። ከ1521 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1535 ዓ.ም. በኢማም አሕመድ ዘመን በተደረገው ጦርነት ብዙ አድባራት ተቃጠሉ፤ መጻሕፍት ጠፉ፤ መምህራንም አለቁ። ከዚህ በኋላ ነው እንግዲህ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም.) በአማራ ሳይንት በተድባበ ማርያም አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ተነሥተው የድጓውን ዜማ በምልክት ያደራጁት። ዜና መዋዕሉ ስማቸውን ይዞልናል። ምክንያቱን ሲያስቡት፥ አፍ ብቻውን የያዘው ነገር ከአፉ ባለቤት ጋራ እንደሚቀበር ጦርነቱ ስላስተማራቸው ይመስለኛል።

የሠሩትን ሥራ ለማያውቁ ምእመናን ጥቂት ላስረዳ። ይዘት፥ ደረት፥ ርክርክ፥ ድፋት፥ ጭረት፥ ቅናት፥ ሂደት፥ ቁርጥ የተባሉት ስምንት ምልክቶች በትውፊት የያሬድ ናቸው፤ ድርስና አንብር የተባሉትን ሁለቱን የጨመሩ እነዚህ መምህራን እንደ ሆኑ ይነገራል። ከእነዚህ በላይ ደግሞ ሥረይ የተባለው የፊደል ምልክት አለ። ይኸውም አንድ ሰው አስቀድሞ በቃሉ ካጠናው ከአንድ የታወቀ ዜማ አንድ ወይም ሁለት ፊደል ተነቅሎ፥ በሌላ ቃል ራስ ላይ በደቂቅ ጽሕፈት ይቀመጣል፤ አንባቢውም ያንን ፊደል ሲያይ «ይህን ቃል በዚያ በምታውቀው ዜማ በለው» ማለቱ እንደ ሆነ ያስተውላል። እንግዲህ የዚህን ምልክት ጥበብ እዩ። ምልክቱ ዜማውን ራሱን አልጻፈም፤ ዜማውን ለሚያውቀው አስታወሰው እንጂ። መጽሐፉን የያዘ ሰው መምህር ካልነበረው ከፊደሉ ምንም አያገኝም።

ስለዚህ የቤተልሔም መምህርና የአጫብር መምህር በአንድ የድጓ መጽሐፍ ላይ አብረው ሊቀመጡ ይችላሉ። ምልክቱን ሁለቱም ያውቁታል፤ ድምፁን ግን እያንዳንዱ ከመምህሩ እንደ ተቀበለው ያወጣዋል። ጌራና ራጉኤል መጽሐፉን ለሁሉ አንድ አደረጉ፤ ድምፁን ለየቤቱ ተዉለት። አልቻሉም እንጂ ቢችሉ አንድ ያደርጉት ነበር የሚል ሰው ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን እንዲህ አላምንም፤ መምህርን ከመጽሐፍ በላይ አድርጎ የተወ ሥራ በችኮላ የተሠራ ሥራ አይደለምና።

ከዚያም በኋላ አባቶች መምህራኑን በአንድ አዳራሽ መሰብሰብ ሳያስፈልጋቸው ሌላ ብልሃት አደረጉ፤ ተማሪውን ላኩት። ድጓ የተማረ በጋይንት በቤተልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ በዙር አምባ፥ ቅዳሴ የተማረ በሰለልኩላ ወይም በደብረ ዓባይ፥ አቋቋም የተማረ በጎንደር በአታ እንዲያስመሰክር ሆነ። ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ፥ ቍራሽ እየለመነ፥ ከውሻ እየታገለ፥ ከቤት ወደ ቤት ሲዞር በእርሱ እግር ሊቃውንቱ ይገናኙ ነበር ማለት ይቻላል። ይህ ጉባኤ ወጪ የሌለው ነው፤ የተማሪውን ረኀብ ካልቈጠርነው።

ስለ አቋቋምም አንድ ነገር ላንሣ፤ አለቃ ገብረ ሐናን የማያውቅ የለምና። ሕዝቡ የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው እንጂ እርሳቸው ታላቅ ሊቅ ነበሩ። እንደሚነገረው፥ የጣናን ማዕበልና በነፋስ የሚወዛወዘውን ሸምበቆ አይተው፥ ቀድሞ ከላይ ወደ ታች ይል የነበረውን ዝማሜ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እንዲያዘነብል አደረጉት። የጎንደር ሊቃውንት ይህን አዲስ ሥርዓት አንቀበልም አሉ። አለቃም ክርክሩን ትተው ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ተክሌም በደብረ ታቦር አስፋፋው፤ ስሙም በልጁ ተክሌ ተባለ። ጎንደር ያልተቀበለው አቋቋም ዛሬ በብዙ አድባራት ይቆማል። ጎንደርም የራሱን አልተወም። በዚያን ዘመን ጉባኤ ተሰብስቦ በድምፅ ብልጫ ቢፈርድ ኖሮ ከሁለቱ አንዱን ባጣን ነበር።

በሌላ አገር የሆነውንም ማየት ይጠቅማል። በመጋቢት 1924 ዓ.ም. የግብፅ ንጉሥ ፉአድ የዐረብን ዜማ ሊቃውንት ከየአገሩ፥ የአውሮፓንም ሊቃውንት ጨምሮ፥ በካይሮ ሰበሰበ። የተሰበሰቡትም የድምፁን ደረጃ በእኩል ሩብ እንክፈለው፥ አንክፈለው በማለት ብዙ ተከራከሩ፤ ሳይስማሙም ተለያዩ። ዳሩ ግን በዚያው ጊዜ የየአገሩ አዋቂዎች ድምፅ በሸክላ ተቀረጸ። ከእነርሱም አንዱ የቅብጥ ቤተ ክርስቲያን የዜማ መምህር የነበረው ዓይነ ስውሩ ሚካኤል ጊርጊስ አል በታኑኒ ነው። ክርክሩን ዛሬ የሚያስታውሱት ጥቂት ተመራማሪዎች ሲሆኑ፥ ሸክላውን ግን እስከ ዛሬ ሰው ያዳምጠዋል።

እንግዲህ በድሬዳዋ ጉባኤ ቢደረግ፥ የማን ቤት ይበልጣል የሚለው ጥያቄ ከደጅ ይቅር። የሚወሰነው የሥርዓት ነገር ይሁን። በየደብሩ በየትኛው በዓል በየትኛው አቋቋም እንደሚቆም፥ ማን እንደሚያነሣ፥ እንግዳ መሪጌታ የመጣ እንደ ሆነ በየትኛው ረድፍ እንደሚቆም፥ የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ወረብ ሲያጠኑ ከየትኛው መምህር እንዲቀበሉ ተነጋግረው ይጻፉት። በአንዱ በዓል ላይ ቤት፥ በሌላው ተክሌ ቢሆን ማንም አይጎዳም፤ በአንድ ሌሊት ሁለቱ ሲደባለቁ ነው የሚጎዳው። ይህን ለመወሰን ሁለት ቀን ይበቃል።

ቀኑን መምረጥ ግን ቀላል አይደለም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ማኅሌተ ጽጌ ስላለ መሪጌታ ደብሩን ለቆ አይሄድም። በዐቢይ ጾም ጾመ ድጓው ይቆማል። አንዳንዶች ለቁልቢ መምጣታቸው ስለማይቀር ከታኅሣሥ 19 በፊት ሁለት ቀን ይሁን ይላሉ፤ ወጪ ያድናል፥ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጾመ ነቢያት ነው፤ የሁሉም አሳብ በተራራው ላይ ነው። እኔ የምመርጠው የቅዱስ ያሬድን በዓል፥ ግንቦት 11ን ነው። ፋሲካ ቢፈጥን መጋቢት 26፥ ቢዘገይ ሚያዝያ 30 ስለሚውል፥ ግንቦት 11 በማናቸውም ዓመት ከበዓለ ኀምሳ አይወጣም፤ ጾም የለም፤ እንግዳም በደስታ ይስተናገዳል። በማግሥቱ ግን ግንቦት 12 የቅዱስ ሚካኤልና የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ነው፤ የእነዚህ ታቦታት መሪጌቶች ለዋዜማው በየደብራቸው መገኘት አለባቸው። ስለዚህ ግንቦት 8 ማታ ገብተው፥ 9 እና 10 ተነጋግረው፥ የ11ን ማኅሌት በተስማሙበት ሥርዓት አብረው ቆመው፥ ረፋዱ ላይ ይሰነባበቱ። ከነዚህ ቀኖች አንዱ እሑድ የዋለ እንደ ሆነ አንድ ቀን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይሳብ።

የግንቦት የድሬዳዋ ሙቀት ለደገኛ የሚቻል አይደለምና ንግግሩ በጠዋትና ከ11 ሰዓት በኋላ በማታ ይሁን፤ ቀትሩ ለዕረፍት ይተው። በዕረፍቱም ሰዓት በዕድሜ የገፉት መምህራን ጥላ ባለበት ተቀምጠው እያንዳንዳቸው በየቤታቸው ዜማ አንድ አንድ ምዕራፍ ይበሉ፤ ድምፃቸውም ይቀረጽ፤ ተማሪዎችም ድጓቸውን ዘርግተው ይስሙ። በሕመም ወይም በእርጅና ምክንያት ሊመጡ ያልቻሉ መምህራን ካሉ፥ ድምፅ የሚቀርጹት ሰዎች ከጉባኤው በፊት ወደ ቤታቸው ይሂዱ። የሐረሩና የጨርጨሩ ሊቃውንት መኪናም አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ ቆላው ሲበርድ እንዲደርሱ በግንቦት 8 ከሰዓት በኋላ አመሻሽተው ይውረዱ።