ከሽቦው ማዶ የተመሠረተች ከተማ
ባልባላና የጅቡቲ ማዕከላዊ ገበያ

የአንድ ታላቅ ከተማ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ከመካከሉ ነው፤ ከወደቡ፣ ከአደባባዩና ከሹማምንቱ መኖሪያ ተነሥቶ ነው። በዳር የሰፈረው ሕዝብ ግን የዚያው ታሪክ ባለቤት ሆኖ ሳለ ሳይጠቀስ ይቀራል። ከጅቡቲ ከተማ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ ከአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ማዶ የምትገኘው ባልባላ ለዚህ ጉዳይ ምስክር ናት።

ፈረንሳዮች ከኦቦክ ተሻግረው ጅቡቲን የመሠረቱት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1888 ነው። ከዚያ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ ወደቡ የኢትዮጵያ ዋና የባሕር በር ሆነ። ወደብ ጫኝና አውራጅ ይሻል፤ ጫኝና አውራጅም የዕለት ምግቡን የሚገዛበት ስፍራ ይሻል። ስለዚህ በአውሮፓውያን ሰፈርና የአገሬው ተወላጆች በሚኖሩበት በመገላ መካከል፣ በ1906 በተሠራው በሐሙዲ መስጊድ አጠገብ፣ ገበያው ደራ። አፋሩ፣ ሶማሌው፣ የመኑና ኢትዮጵያዊው የሚገናኙት በዚሁ ስፍራ ነበር።

በነሐሴ ወር 1966 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሻርል ደ ጎል ከተማይቱን ሲጎበኙ ነፃነት የሚጠይቅ ሕዝብ አደባባይ ወጣ፤ ሁከት ተነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ከዚህ በኋላ የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ከተማይቱን በየብስ በኩል በሾህ ሽቦ አጠረ፤ በአጥሩም ላይ ፈንጂ ቀበረ። ዓላማው ከገጠርና ከጎረቤት አገሮች የሚመጣውን፣ ይልቁንም ሶማሌውን፣ ለመቈጣጠር ነበር። በመጋቢት 1967 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔም ግዛቱ ከፈረንሳይ ጋር እንዲቈይ ተወሰነ።

ይሁን እንጂ ሽቦው ሰውን ከለከለ እንጂ የሰውን ችግር አላስወገደም። የመግቢያ ወረቀት ያጣው ሁሉ ወደ መጣበት አልተመለሰም፤ ከአጥሩ ውጭ በሣንቃና በቆርቆሮ ጎጆ ቀልሶ ተቀመጠ። ሥራውም ገበያውም በአጥሩ ውስጥ ነበሩና፣ ለእንጀራ ሲል በሽቦው መካከል ሾልኮ ለማለፍ የሞከረ ሰው በሕይወቱ ይወራረድ ነበር። ባልባላ ያደገችው በንድፍ ሳይሆን በዚህ ዓይነት መከራ ነው።

ጅቡቲ በሰኔ 1977 ነፃ ወጣች። አጥሩም ከጊዜ በኋላ ፈረሰ። ባልባላም ከከተማይቱ አስተዳደር ተቀላቅላ፣ ዛሬ ከራስ ዲካና ከቡላኦስ ጋር የዋና ከተማይቱ ሦስተኛ ክፍል ሆናለች፤ ከከተማይቱ ሕዝብ እጅግ ብዙው የሚኖረው በእርሷ ነው። በገበያው አጠገብ ያለው የቀድሞው የራምቦ አደባባይም ለነፃነት በታገለውና በ1960 በሞተው በማሕሙድ ሐርቢ ስም ይጠራል። ከባልባላ የሚነሡት አውቶቡሶች ሻጩንም ሸማቹንም የሚያወርዱት በዚሁ ስፍራ ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ የሚመጣው አትክልትና ፍራፍሬ የሚሸጠውም እዚያው ነው። ትናንት በሽቦ የተከለከለው ሕዝብ ልጆች ዛሬ ገበያውን የሚያቆሙት ሆነዋል።

ከዚህ ታሪክ መምህር የሚያገኘው ትምህርት ግልጥ ነው። የከተማን ካርታ በሰሌዳ ላይ ሲሥል ወደቡንና አደባባዩን አሳይቶ ብቻ ቢያቆም ሥራው ጎደሎ ይሆናል። ጭነቱን የሚያወርደው፣ ድንጋዩን የሚጠርበውና ጉልቱን የሚዘረጋው ሰው ማታ የት እንደሚያድር ተማሪዎቹን ሊጠይቅ ይገባዋል። የከተማይቱ እውነተኛ ወሰን የሚታወቀው ለዚህ ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ነውና።