የዌብ ሰርቨር ሶፍትዌር ምርጫ

ዌብ ሰርቨር ከብራውዘር የሚመጣን ጥያቄ ተቀብሎ ድረ ገጽ የሚልክ ሶፍትዌር ነው፤ ሶፍትዌሩ የሚሠራበት ኮምፒዩተርም በዚሁ ስም ይጠራል። ድረ ገጽ የሚከፍት ተቋም በኦፕን ሶርስ (ክፍት ምንጭ) እና በባለቤትነት በተያዘ ሶፍትዌር መካከል ይመርጣል። የኦፕን ሶርስ ኮድ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ማንም እንዲቀዳው፣ እንዲለውጠውና ለሌላ እንዲሰጠው ይፈቀድለታል። በባለቤትነት በተያዘው ግን ኩባንያው ኮዱን ይዞ የመጠቀም ፈቃድ (ላይሰንስ) ብቻ ይሸጣል። ከኦፕን ሶርስ ወገን እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረው አፓቺና በ2004 ለሕዝብ የወጣው ኤንጂንኤክስ የታወቁ ናቸው፤ ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ በሊኑክስ ላይ ይጫናሉ። የማይክሮሶፍቱ አይአይኤስ ከዊንዶውስ ሰርቨር ጋር አብሮ ይመጣል እንጂ ለብቻው አይሸጥም።

ዋጋና ፈቃድ

የዊንዶውስ ሰርቨር 2022 ስታንዳርድ መነሻ ዋጋ ለ16 ኮር 1,069 ዶላር ነበር። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. አጋማሽ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር ይህ 61 ሺህ ብር ያህል ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ዶላር ከ120 ብር በላይ ስለደረሰ ያው ፈቃድ ከ128 ሺህ ብር በላይ ሆነ። ሶፍትዌሩ ሳይለወጥ ዋጋው በእጥፍ አደገ ማለት ነው።

በተግባር ግን የሊኑክስ ተፎካካሪ የተገዛ ዊንዶውስ ብቻ ሳይሆን ያለ ፈቃድ የተቀዳ ዊንዶውስም ነው። የኮምፒዩተር ፕሮግራም በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ሥራ ነው። ከሕጉም ባሻገር እንዲህ ያለው ቅጂ አደጋ አለው፤ ፈቃድ ማለፊያው ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ አፕዴቱም ብዙ ጊዜ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ የተሠራጨው ማይክሮሶፍት ከሁለት ወር በፊት መድፈኛ ባወጣለት ቀዳዳ ነበር።

የደሴና የኮምቦልቻ ሁኔታ

በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበሩበት ጊዜ፣ በሁለቱም ከተሞች ግቢ ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ከተዘረፉት ተቋማት አንዱ ነበር። እንዲህ ያለ ጊዜ የፈቃዱ ዓይነት ለውጥ ያመጣል። ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ የተሸጠ የዊንዶውስ ፈቃድ (ኦኢኤም) ለዚያው ማሽን የታሰረ ስለሆነ ማሽኑ ሲሄድ አብሮት ይሄዳል። ሊኑክስና አፓቺ ግን በተገኘው ኮምፒዩተር ላይ እንደገና ይጫናሉ። መረጃው ራሱ ባክአፑ ሌላ ከተማ ካልተቀመጠ በየትኛውም ሶፍትዌር አይመለስም።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ዴቢያን የተባለው ሊኑክስ ሙሉ የጥቅል ስብስቡን በዲስክ ምስል ስለሚያወጣ በፍላሽ እየተቀዳ ከእጅ ወደ እጅ ቢተላለፍ ሕጋዊ ነው። የደኅንነት አፕዴቱን ግን ኢንተርኔት ካለበት ቦታ የሚያመጣ ሰው ያስፈልጋል።

ኮዱን መለወጥ

የጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ኦፕን ሶርስ ነው፤ ቶምካት በተባለ ሰርቨርና በፖስትግሬስኪውኤል ዳታቤዝ ላይ ይሠራል። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠርም ያውቃል። ጳጉሜን የማያውቅ ሶፍትዌር ለጤና ጣቢያ ወርኃዊ ሪፖርት ምን ያህል እንደሚያስቸግር መገመት አያዳግትም።

የኦፕን ሶርስ ድክመት

ኦፕን ሶርስ በራሱ ዋስትና አይሆንም። እስከ 2029 ይደገፋል የተባለው ሴንትኦኤስ 8 እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ድጋፉ ተቋረጠ፤ ተጠቃሚዎቹም ወደ አልማሊኑክስና ሮኪ ሊኑክስ ለመሄድ ተገደዱ። በ2014 ኦፕንኤስኤስኤል ውስጥ የተገኘው ሃርትብሊድ የተባለው ቀዳዳም ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ሳለ ለሁለት ዓመት ያህል ማንም አላየውም ነበር። የፈቃድ ክፍያ የለም ማለትም ወጪ የለም ማለት አይደለም፤ ሊኑክስ የሚያውቅ ሠራተኛ ይፈልጋል። በአሮጌው ዶትኔት ፍሬምወርክ የተሠራ ሲስተም ያለው መሥሪያ ቤት፣ ባለሙያዎቹም ዊንዶውስ ብቻ የሚያውቁ ከሆነ፣ ፈቃዱን ገዝቶ በአይአይኤስ ቢቀጥል ያዋጣዋል።

በደሴ ሰኞ ገበያ ያለ ነጋዴ የዕቃ ዋጋ የሚለጥፍበት ድረ ገጽ ቢፈልግ የራሱ ሰርቨር አያስፈልገውም፤ ከሆስቲንግ አቅራቢ ቦታ ይከራያል፣ የሰርቨሩንም ሶፍትዌር አቅራቢው ይመርጥለታል። የነጋዴው ጥያቄ ፋይሎቹንና ዳታቤዙን ሙሉ በሙሉ አውርዶ ወደ ሌላ አቅራቢ መውሰድ መቻሉ ነው።