መቁረጥና ማጋጠም፤ ስለ ፊልም ቅንብር ስያሜዎች ታሪክ

የሙያ ቃል ብዙ ጊዜ ከመሣሪያ ይወለዳል። መሣሪያው ሲሻር ግን ቃሉ አብሮት አይሻርም። ለዚህም በፊልምና በቪዲዮ ሥራ የሚነገሩት ስያሜዎች ጥሩ ምስክሮች ናቸው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የጥቂቶቹን ታሪክ ተከትለን፣ ወደ አማርኛ የሚመልሳቸው ሰው የቱን ይዞ የቱን መተው እንደሚገባው እንመረምራለን።

የሉሚዬር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 28 ቀን 1895 ፓሪስ ላይ ለከፋይ ተመልካች ያሳዩዋቸው ፊልሞች እያንዳንዳቸው አንድ ደቂቃ እንኳ የማይሞሉና ካሜራው ካንድ ቦታ ሆኖ ያነሣቸው ነበሩ። ፊልም ከብዙ ሾቶች መሠራት ሲጀምር ጥሬው በመቀስ እየተቆረጠ በማጣበቂያ ይቀጠል ጀመር። እንግሊዞች ይህን ሥራ ከመቀሱ በኩል አይተው «ካት»፣ ጀርመኖችም በዚያው ትርጉም «ሽኒት» አሉት። ፈረንሳዮች ግን ከማጣበቂያው በኩል አይተው፣ መገጣጠም ከሚል ግሥ «ሞንታዥ» አሉት። ሩሲያውያን የፈረንሳዮቹን ቃል ወሰዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹም ኩሌሾቭና አይዘንስታይን የፊልም ንድፈ ሐሳባቸውን በዚሁ ላይ መሠረቱ። ስለዚህ አንዱ ሥራ ላንዱ ቋንቋ መቁረጥ፣ ለሌላው ማጋጠም ሆነ ማለት ነው።

ቀጥሎ መሣሪያው ተለወጠ። አምፔክስ እ.ኤ.አ. በ1956 የቪዲዮ ቴፕ መቅጃ ባቀረበ ጊዜ ምስሉ በዐይን የሚታይ መሆኑ ቀረ፤ ባለሙያው የብረት ብናኝ ያለበት ፈሳሽ በቴፑ ላይ እየቀባ፣ የምስሉን ዱካ በማጉያ እየፈለገ በምላጭ ይቆርጥ ነበር። ኋላ ምስሉን ካንዱ ቴፕ ወደ ሌላው መቅዳት ሲቻል ምላጩም ተጣለ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው ሲኤምኤክስ 600 ደግሞ ሥራውን ወደ ኮምፒውተር አገባው። የሚቆረጥ ነገር ሳይኖር «ካት» ግን ቀረ። «ፉቴጅ»ም እንዲሁ ነው። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ባንድ ጫማ ርዝመት 16 ምስል ስለሚይዝ፣ በሰከንድ 24 ምስል ሲያልፍ በደቂቃ 90 ጫማ ያልቃል። ቃሉ የመጣው ከዚህ ልኬት ሲሆን፣ ዛሬ የሚነገረው ርዝመት ለሌለው ምስል ነው።

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ዳይሬክተሩ «ካት!» ሲል ቀረጻው ይቁም ማለቱ ነው፤ አቀናባሪው «ካት» ሲል ሁለት ሾቶች የሚገናኙበትን ቦታ ማመልከቱ ነው፤ «የዳይሬክተሩ ካት» ሲባል ደግሞ ዳይሬክተሩ የወደደው የፊልሙ ቅጂ ማለት ነው። ሦስቱንም «ቁረጥ» ወይም «ቁርጥ» ብሎ የሚተረጕም ሰው የመቀሱን ቃል መለሰ እንጂ አሳቡን አልመለሰም። ለመጀመሪያው «አቁም»፣ ለሁለተኛው «መጋጠሚያ»፣ ለሦስተኛው «ቅጂ» ይበቃል።

አማርኛም ቢሆን ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። «ቀረጸ» በድንጋይና በእንጨት ላይ ፊደል ወይም ምስል ማውጣትን የሚያመለክት ነባር ግሥ ነው። መርፌ በሰም ላይ መሥመር እየፈለፈለ ድምፅ ለሚይዝበት ፎኖግራፍ በትክክል ይስማማል፤ ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እ.ኤ.አ. በ1899 ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ድምፅ በዚህ ዐይነት ሰም ላይ ያረፈ ነበር። በቪዲዮ ቴፕ ላይ የሚፈለፈል መሥመር ባይኖርም «ቀረጻ» ያለ ችግር ይነገራል።

«ኤዲቲንግ» ለሚለው ደግሞ ሁለት ቃላት ይቀርባሉ። «አርትዖት» ከግእዙ «አርትዐ» ማለትም አቀና ከሚለው የወጣ ስለሆነ፣ የተዛባ ዐረፍተ ነገር ለሚያቀና የመጽሐፍ ሥራ ተገቢ ነው። ፊልም ግን በዋናነት የሚቃና ሳይሆን የሚገጣጠም ነው። «ቅንብር» ከሞንታዥ አሳብ ጋር ይስማማል፤ ለሰሚውም ሁለት በሬዎችን ባንድነት የሚያስኬደውን ቀንበር ያስታውሰዋል። ጉድለቱ ለሙዚቃም ጭምር መነገሩ ነው፤ ስለሆነም «የምስል ቅንብር» ብሎ መለየት ይሻላል።

እንግዲህ ስያሜ አውጪው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ቃሉ በተወለደበት ጊዜ በባለሙያው እጅ ምን እንደ ነበረ ሳይሆን፣ ዛሬ ቃሉ ሲነገር ምን እንደሚሠራ ነው። «ቀረጸ» ቀድሞ በቋንቋው ውስጥ የኖረ ስለሆነ የተሻረ መሣሪያውን ተሸክሞ መሄድ ይችላል፤ አዲስ የሚወጣ ቃል ግን ተመልካቹ አይቶት የማያውቀውን የባዕድ መቀስ የሚሸከምበት ምክንያት የለም።