ቄስ ጉዲና ወዴት ተወሰዱ?

በቴሌቪዥንም በስልካችሁም ከምትከታተሏቸው ድራማዎች መካከል አንድ ዓይነት አለ። ሰው ይታገታል። ቤተሰቡ ያለቅሳል፣ ፖሊስ ይፈልጋል፣ ነገር ግን ዱካው ይጠፋና ዶሴው አቧራ የሞላው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ከ15 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ አንድ ግትር መርማሪ ያንን ዶሴ አውርዶ ያራግፈዋል። አንድ የተረሳ ፎቶግራፍ ወይም አንድ ኅሊናው የወቀሰው ምስክር ይገኛል። በመጨረሻው ክፍል ወንጀለኛው ካቴና ይገባለታል፤ ተመልካቹም እፎይ ብሎ ወደ መኝታው ይሄዳል።

እንዲህ ያለውን ድራማ መውደዳችሁ አያስገርምም። ሰው እውነት ተቀብራ ስትቀር የማያስችለው ልብ አለው። ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ ግን በስቱዲዮ የተሠራ አይደለም። የተፈጸመው በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ነው። የታገቱት የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መሪ ናቸው፤ ዶሴውም ሳይፈታ 13 ዓመት ያህል ቆይቷል። ስማቸውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። እንዴት ጠፍተው እንዴት እንደተገኙ የሚያውቅ ወጣት ግን ጥቂት ነው።

ከወለጋ እስከ ዋና ጸሐፊነት

ጉዲና ቱምሳ እ.ኤ.አ. በ1929 በወለጋ፣ ቦጂ ተወለዱ። በወጣትነታቸው ነቀምት በሚገኘው የሚሲዮን ሆስፒታል በድሬሰርነት ሠርተዋል። ቁስል ከማጠብ ሥራ ወደ ወንጌል አገልግሎት ተሻግረው ቅስና ተቀበሉ፤ በኋላም በአሜሪካ፣ ሚኒሶታ በሚገኘው የሉተር ሴሚናሪ ሥነ መለኮት ተማሩ። ከዚያ ሲመለሱ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ፤ ከ1966 እስከ 1979 እ.ኤ.አ. በዚሁ ኃላፊነት አገለገሉ።

ድሬሰር የነበረው ቄስ የሰው ሥጋ ሲያመው ነፍሱም እንደሚያማት ያውቃል። በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ በእሳቸው መሪነት ጄኔቫ ለሚገኘው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ላከች። በዚያ ዘመን የምዕራብ ረጂዎች ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ ገንዘብ ሲሰጡ፣ ለስብከትና ለአገልጋዮች ሥልጠና ግን እጃቸውን እየሰበሰቡ ነበር። ደብዳቤው ይህን ተቃወመ። ሰው አንድ ሙሉ ፍጥረት ነው፤ ግማሹን ለልማት፣ ግማሹን ለወንጌል ብሎ መክፈል አይቻልም የሚል ነበር መልእክቱ። ዛሬ በየቤተ ክርስቲያናችን “ሁለንተናዊ አገልግሎት” ስንል የምንሰማው ቃል ከዚህ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው።

ለምን ተፈለጉ?

በድራማው ውስጥ መርማሪው መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ “ይህን ሰው ማን ይፈልገው ነበር?” የሚል ነው። እኛም እንጠይቅ።

በ1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ቄስ ጉዲና ለውጡን በጅምላ አልኮነኑም። የድሃ ነገር ግድ የሚላቸው ሰው ነበሩና ፍትሕ የተጠማው ሕዝብ ጥያቄ ይገባቸው ነበር። ነገር ግን ርዕዮተ ዓለም የእግዚአብሔርን ዙፋን ሲሻ ዝም አላሉም። የትኛውም የሰው ሥርዓት ፍጹም አይደለም፣ ቤተ ክርስቲያንም የማንም መንግሥት የፕሮፓጋንዳ ክፍል አትሆንም የሚል አቋም ያዙ። ከዚህም አልፈው የተለያዩ አብያተ ክርስቲያናት በፈተናው ዘመን ተደጋግፈው እንዲቆሙ የትብብር ጉባኤ እንዲመሠረት ደከሙ፤ ሊቀ መንበሩም ሆኑ።

ዘመኑ እየከበደ ሄደ። በ1969 ዓ.ም. የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ተወረሰና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። ጣቢያው ቢወሰድም አዲስ አበባ ውስጥ ያ ሰፈር እስከ ዛሬ “ብሥራተ ወንጌል” ተብሎ ይጠራል። ቀይ ሽብር በየቀበሌው ወጣት ሲያጭድ በየገጠሩ ጸሎት ቤቶች ይታሸጉ ነበር። በዚህ ላይ የቄስ ጉዲና ወንድም ባሮ ቱምሳ ከኦሮሞ ነፃነት ግንባር መሥራቾች አንዱ ነበር። ቄሱ መሣሪያቸው መጽሐፍ ቅዱስ ቢሆንም መንግሥት በሁለት ዓይን ያያቸው ጀመር፤ አንዱ ዓይን ሃይማኖታቸውን፣ ሌላው ዝምድናቸውን ይመለከት ነበር።

በ1971 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ ታስረው ተፈቱ። ሦስተኛው እንደማይቀር ሁሉም ገብቶታል። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ከአገር የሚወጡበትን መንገድ ሊያመቻቹላቸው ፈቃደኛ ሆኑ። ቄስ ጉዲና እሺ አላሉም። መንጋው በመከራ ላይ ሳለ እረኛው እንዴት ይሸሻል ብለው፣ በሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 5 ላይ ክርስቶስ ስለ ሁሉ የሞተው ሕያዋን ከእንግዲህ ለራሳቸው እንዳይኖሩ ነው የሚለውን ቃል ምክንያታቸው አደረጉ።

ጀርመናዊው ፓስተር ዲትሪሽ ቦንሆፈር በ1939 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ወደ ሂትለር ጀርመን የተመለሰው በተመሳሳይ ምክንያት ነበር፤ በሚያዝያ 1945 በስቅላት ተገደለ። ቄስ ጉዲናን “የአፍሪካ ቦንሆፈር” የሚሏቸው ስለዚህ ነው።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም.

ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። ቄስ ጉዲና በአዲስ አበባ በዑራኤል መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የእግዚአብሔርን ቃል አካፍለው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ወጡ። ሲቪል የለበሱ ሰዎች አስቆሟቸው። ባልና ሚስቱን በተለያየ መኪና ጫኗቸው። ወይዘሮ ፀሐይን ከከተማው ዳር ወስደው ጣሏቸው። ባላቸውን የጫነው መኪና ግን አልተመለሰም።

ቤተ ክርስቲያን ጠየቀች። ከውጭ አገር አብያተ ክርስቲያናትም ጠየቁ። መንግሥት ስለ ሰውየው የማውቀው የለም አለ። በእኛ አገር አባባል የበላቸው ጅብ አልጮኸም።

ወይዘሮ ፀሐይ መጠየቃቸውን ሳይጨርሱ በ1972 ዓ.ም. እሳቸውም ታሰሩ። ተገረፉ፤ ወደ 10 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜያቸውን በእስር ቤት አሳለፉ። አስቡት፤ ባል ጠፍቷል፣ ልጆች ተበትነዋል፣ ስለ ጠፋው ሰው የምትጠይቀው ሚስት ራሷ ታስራለች። ጥያቄውን ለማዳፈን ጠያቂውን ማሰር፣ ዶሴ የሚቀዘቅዝበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። በድራማው ዶሴው የሚቆየው ማስረጃ ጠፍቶ ነው። በቄስ ጉዲና ታሪክ ግን ማስረጃው በእጃቸው የነበረው ሰዎች ናቸው በሩን የዘጉት።

መሬት አፏን ከፈተች

ግንቦት 1983 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ወደ ዚምባብዌ ሄዱ። በዓመቱ፣ በ1984 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ ብዙ መሬት ተቆፈረ። የንጉሠ ነገሥቱ አስከሬን በቤተ መንግሥቱ ወለል ሥር ተገኘ። የራስ አሥራተ ካሣ መኖሪያ በነበረው ግቢ ደግሞ የቄስ ጉዲና አፅም ወጣ። በዚያች በታገቱባት ሌሊት መገደላቸው ታወቀ። ቤተሰብ “አንድ እስር ቤት ውስጥ በሕይወት ይኖሩ ይሆን?” እያለ በተስፋ በጠበቀባቸው ዓመታት ሁሉ እሳቸው እዚያው ከተማቸው ውስጥ ነበሩ።

ከዚያው ግቢ የሌላ ሰው አፅምም ወጥቷል፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት የአቡነ ቴዎፍሎስ። ደርግ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው አንሥቶ አሰራቸው፤ በ1971 ዓ.ም. በምስጢር ገደላቸው። የግቢው ባለቤት የነበሩት ራስ አሥራተም በኅዳር 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተገደሉት 60 ባለሥልጣናት አንዱ ነበሩ። መኳንንቱ፣ ፓትርያርኩና የወንጌላውያኑ ቄስ በሕይወት ሳሉ ብዙ ነገር ይለያያቸው ነበር። ግፍ በአንድ ግቢ አገናኛቸው። እኛ ዛሬ በስም በስም ተለያይተን ስንነቃቀፍ ይህን ግቢ ብናስታውስ መልካም ነው።

እርም

እኛ የደቻቱ ሰዎች የዚህን ነገር ክብደት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት፣ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ የሚከርመው ደቻቱ ከደጋው በወረደ ዝናብ ሞልቶ ከተማችንን መታት። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ውኃው ወስዶ ያልመለሰውም ብዙ ነበር። ሬሳ ያገኘ ቤተሰብ አልቅሶ ቀበረ፣ ድንኳን ተከለ፣ ቀስ በቀስም ተጽናና። ሬሳ ያላገኘው ግን በር በተንኳኳ ቁጥር ደነገጠ። እርም ያላወጣ ሰው ኀዘኑን መጀመርም መጨረስም አይችልም።

ጎርፍ ሰውን ሲወስድ አያውቅም። ሰው ሰውን አግቶ፣ ገድሎ፣ ቀብሮ “አላውቅም” ሲል ግን በሟቹ ላይ ያደረገውን በቤተሰቡ ላይ በየቀኑ ይደግመዋል። ለዚህ ነው መጽሐፍ ቅዱስ ሰውን መስረቅን ከባድ ወንጀል አድርጎ በዘፀአት 21 ላይ ያስቀመጠው። ለዚህ ነው ሪጽፋ የልጆቿን ሬሳ ከአሞራና ከአውሬ ስትጠብቅ የሰማው ዳዊት የሳኦልንና የዮናታንን አጥንት አስፈልጎ በሳኦል አባት መቃብር በክብር ያስቀበረው። አጥንት ፈልጎ በክብር መቅበር የመንፈሳዊ ሰው ሥራ ነው።

ፍርድ፣ ይቅርታ፣ እውነት

የደርግ ባለሥልጣናትን ለመክሰስ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ፤ ከ5,000 በላይ ሰዎች ተከሰሱ። የዋናዎቹ ችሎት 12 ዓመት ወስዶ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. የጥፋተኝነት ፍርድ ተሰጠ። መጀመሪያ ዕድሜ ልክ እስራት፣ በ2000 ዓ.ም. በይግባኝ ሞት ተፈረደ። ከዚያ የሃይማኖት መሪዎች ይቅርታ እንዲደረግ ጠየቁ። በ2003 ዓ.ም. የ23ቱ የሞት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ፤ ብዙዎቹም በኋላ ተፈቱ።

ይህን ስትሰሙ ልባችሁ ምን አለ? አንዳንዶቻችሁ “ክርስቲያን ይቅር ይላል፣ ምን ይቆፈራል?” ትሉ ይሆናል። ሌሎቻችሁ “ይህ እንዴት ይቅር ይባላል?” ትሉ ይሆናል። ሁለታችሁንም ወደ ዮሴፍ ልመልሳችሁ። ወንድሞቹ ሸጡት፤ ልብሱን የፍየል ደም ነክረው የሐሰት ማስረጃ ይዘው ለአባታቸው ቀረቡ፤ ያዕቆብም ከ20 ዓመት በላይ መጽናናትን እንቢ ብሎ ኖረ። ዮሴፍ ሲገለጥላቸው አለቀሰ፣ ሳማቸው፣ አበላቸውም። ነገር ግን “ምንም አልተደረገም” አላላቸውም። የሸጣችሁኝ እኔ ነኝ ብሎ ነው የጀመረው። እውነቱ ተነገረ፤ ይቅርታውም ከዚያ ቀጠለ። ይቅር ለማለት ይቅር የሚባለው ነገር መታወቅ አለበት። ያልተነገረ ግፍ ላይ የተቸኮለ ይቅርታ፣ ያልታጠበ ቁስል ላይ እንደተደረገ ፋሻ ነው። ድሬሰሩ ቄስ ቢጠየቁ ይህን የሚያጡት አይመስለኝም።

ወይዘሮ ፀሐይ በ1982 ዓ.ም. መግቢያ ከእስር ወጥተው የባላቸውን አፅም በክብር ለመቅበር በቁ። እስከ 2007 ዓ.ም. ኖረው ዐረፉ። ቤተ ክርስቲያኒቱ እ.ኤ.አ. በ1959 ስትመሠረት 20,000 ገደማ የነበረው የምእመናኗ ቁጥር ዛሬ በሚሊዮን ይቆጠራል። አጋቾቹ እረኛውን ሲወስዱ መንጋው ይበተናል ብለው ነበር።

የእናንተ ድርሻ

“እገታ” የሚለው ቃል የድሮ ታሪክ ብቻ ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ። በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲጓዙ የታገቱት ተማሪዎች እንደ እናንተ ወጣቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ሴቶች። የእነሱ ወላጆች ዛሬም በር ሲንኳኳ የሚደነግጡ ናቸው። የወለጋው ቄስ በአዲስ አበባ ጠፉ፤ የአማራ ገበሬ ልጆች በወለጋ ጠፉ። እንባው በየትኛውም ቋንቋ ቢፈስ ጨው ነው። የራሳችንን ብቻ ቆጥረን የሌላውን የምንረሳ ከሆነ ግን ዶሴውን ከሚያቀዘቅዙት ጋር ተባብረናል።

የቃየል ዶሴ ምስክር አልነበረውም። መርማሪውም ፖሊስ አልነበረም። እግዚአብሔር ራሱ ወንድምህ ወዴት ነው ብሎ ጠየቀ፤ ደሙም ከምድር ጮኸ። በእሱ ዘንድ የሚዘጋ ዶሴ የለም። እሱ ያንን ጥያቄ ይጠይቃል፤ የእሱ የሆኑትም አብረውት ይጠይቃሉ።

ስለዚህ በዚህ ሩብ ዓመት አንድ ሥራ ልስጣችሁ። በቤተ ክርስቲያናችሁ ውስጥ በደርግ ዘመን የታሰሩ፣ ጸሎት ቤታቸው የታሸገባቸው፣ ዘመድ የጠፋባቸው አባቶችና እናቶች አሉ። ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ሂዱ፤ በአክብሮት ጠይቁ፤ ሲያለቅሱ አብራችሁ ዝም በሉ፤ ያሉትን እንዳሉት ጻፉ። የጠፋው ሰው ማን ይባል ነበር? መጨረሻ የታየው የት ነው? ማን ይጠብቀው ነበር? የጻፋችሁትንም ለቤተ ክርስቲያኑ ጽሕፈት ቤት አስረክቡ፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣውም ያንብበው።