ሊፈረምበት ያልቻለው ካርድ

የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ምስል የታተመበት ትንሽ ካርድ ዛሬ የልጆች መጫወቻ ቢመስልም፣ ወደ ዓለም የመጣው ከሲጋራ ጋር ነው። በ1910 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) ኢምፔሪያል ቶባኮ የተባለው የካናዳ ኩባንያ ገዢውን ለማማለል የተጫዋቾችን ሥዕል በሲጋራ ፓኬት ውስጥ መጨመር ጀመረ። አባት ያጨሳል፤ ልጅ ካርዱን ይወስዳል። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥዕሉ ከትምባሆ ወደ ከረሜላ፣ ከከረሜላም ወደ ማስቲካ ተሻገረ። በኦንታሪዮ፣ ለንደን በምትባለው ከተማ የነበረው ኦ-ፒ-ቺ የማስቲካ ፋብሪካ ከ1933 ጀምሮ ካርድ ሲያወጣ፣ አንድ የስታርች ኩባንያ ደግሞ ከ1934 እስከ 1967 ድረስ የበቆሎ ሽሮፑን ምልክት ቆርጦ ለላከለት ሁሉ የተጫዋች ፎቶግራፍ በፖስታ ይልክ ነበር። ለአንድ ፎቶግራፍ ሲባል ስንት ልጅ ሽሮፕ ጠጥቶ እንዳደረ መገመት አያዳግትም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይህን ሁሉ አቋረጠው። ለአሥር ዓመት ያህል ይህ ነው የሚባል የሆኪ ካርድ አልታተመም። ስለዚህም በ1946 ለዲትሮይት መጫወት የጀመረው ጎርዲ ሃው የመጀመሪያ ካርዱን ያገኘው የቶሮንቶው ፓርክኸርስት ኩባንያ በ1951 ባወጣው ስብስብ ነው። ሰብሳቢዎች «የጀማሪ ካርድ» ይሉታል፤ ሰውዬው ግን በዚያን ጊዜ ባለፈው የውድድር ዘመን ሊጉን በነጥብ የመራ አንጋፋ ነበር።

ፊርማ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቃሉን ከጣልያንኛ ተውሰን የራሳችን አድርገነዋል። በእኛ አገር የነገሥታቱ ደብዳቤ የሚታመነው በማኅተሙ ነበር። ማኅተም የሥልጣን ምልክት ነው፤ የታመነ ጸሐፊም ሊያሳርፈው ይችላል። ፊርማ ግን ያ ሰው፣ በዚያች ሰዓት፣ በዚያ ወረቀት ፊት እንደ ነበረ የሚመሰክር የእጅ ዱካ ነው። እኔን ወደዚህ ታሪክ የሳበኝ ከጨዋታው ይልቅ ይህ ምስክርነት ነው።

በ1950ዎቹ ለአንድ የሞንትሪያል ወይም የቶሮንቶ ልጅ ካርድ የሚያከብሩት ንብረት አልነበረም። በብስክሌት ጎማ ሽቦ መካከል ሰክቶ ያስጮኸዋል፤ ከግድግዳ ሥር እየወረወረ ይወራረድበታል። ጥቂቶቹ ግን ከጨዋታው በኋላ በብርድ ቆመው ተጫዋቹ ከበሩ እስኪወጣ ይጠብቁ ነበር። የሚገርመው፣ ጥንቁቁ ሰብሳቢ ዘንድ በካርድ ላይ የሰፈረ ቀለም እንደ ጉድፍ መቆጠሩ ነው። ልጁ ከጀግናው እጅ የተቀበለው ነገር በገበያው ዓይን ካርዱን አበላሽቶታል።

ከፈራሚዎቹ ሁሉ የምወደው ዣን ቤሊቮ ነው። ከሞንትሪያል ካናዲየንስ ጋር አሥር ጊዜ የስታንሊ ዋንጫን ያነሣው ይህ ሰው፣ በ2014 እስኪያርፍ ድረስ ለአድናቂዎቹ ደብዳቤ መልስ በመስጠትና ስሙን በሚነበብ ውብ ጽሕፈት በመጻፍ ይታወቅ ነበር። በዛሬዎቹ ካርዶች ላይ ከሚታዩት ፊርማዎች ብዙዎቹ አንዲት የፊደል መነሻና ተከትላት የምትሮጥ ጭረት ናቸው። ሺህ ካርድ ተደርድሮለት ከሚፈርም ወጣት ሌላ መጠበቅ ግፍ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ፊርማ ለሚቀበለው ሰው የሚጻፍ ከሁሉ ያጠረ ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤ ደግሞ ሊነበብ ይገባዋል።

ፓርክኸርስት በ1952 ስብስቡ የተጫዋቹን ፊርማ አስመስሎ በካርዱ ፊት ላይ አተመ። ለእያንዳንዱ ልጅ ያለ ብርድና ያለ ጥበቃ አንድ ፊርማ ደረሰው ማለት ነው። የማንም እጅ ግን አልነካውም። በኋላ የመጣው ንግድ ሁሉ በዚያ ቀለም ውስጥ የተፀነሰ ይመስለኛል።

የኦ-ፒ-ቺ የ1979 ስብስብ ሰብሳቢዎች በአድናቆት የሚያነሡት ነው። በቁጥር 18 ላይ የኤድመንተን ኦይለርስ መለያ የለበሰው የ18 ዓመቱ ዌይን ግሬትዝኪ የመጀመሪያ ካርድ አለ፤ በቁጥር 175 ደግሞ በ51 ዓመቱ ለሃርትፎርድ ይጫወት የነበረው ጎርዲ ሃው። ካርዶቹ በሽቦ ስለሚቆረጡ ጠርዛቸው ሻካራ፣ ሰማያዊው ዳር ደግሞ በቀላሉ የሚላላጥ ነበር። ከእንከን የዳነ የግሬትዝኪ ካርድ ብርቅ የሆነው በዚህ ነው። ከፍተኛውን የጥራት ደረጃ ያገኘ አንዱ በ2016 በ465,000 ዶላር፣ በ2020 በ1.29 ሚሊዮን፣ በ2021 ደግሞ በ3.75 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። አንዲት የብዕር ጠብታ አልነካችውም።

ኩባንያዎቹ ፊርማውን ራሱን በፓኬት ማሸግ የጀመሩት በ1990ዎቹ ነው። አፐር ዴክ በ1990 የቤዝቦሉ ሬጂ ጃክሰን የፈረመባቸውን 2,500 ካርዶች በፓኬቶቹ ውስጥ በትኖ ገዢውን ሁሉ ፈላጊ አደረገው። ሆኪም ተከተለ፤ በ1994–95 «ቢ ኤ ፕሌየር» በተባለው ስብስብ በእያንዳንዱ ፓኬት አንድ ፊርማ ይገኝ ነበር። በ2005–06 ደግሞ «ዘ ካፕ» የሚባለው ውድ ስብስብ የሲድኒ ክሮዝቢን ካርድ ከፊርማውና ከመለያው ከተቆረጠ ጨርቅ ጋር በ99 ቅጂ ብቻ አወጣ። በሌሎች ስብስቦች ላይ ተጫዋቹ የሚፈርመው በካርዱ ላይ እንኳ አይደለም፤ ግልጽ በሆነ ተለጣፊ ወረቀት ላይ ይፈርምና ፋብሪካው በኋላ ይለጥፈዋል። ያን ካርድ ፈራሚው በዓይኑ አይቶት ላያውቅ ይችላል።

ፊርማ ገንዘብ ሲሆን ሐሰተኛው ተከተለ። የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኦፕሬሽን ቡልፔን» ብሎ በሰየመው ዘመቻ የስፖርተኞችን ፊርማ በብዛት ሲያመርት የነበረ መረብ በጣጠሰ። ከተያዘው ዕቃ መካከል የማዘር ቴሬዛ ስም የተፈረመባቸው የቤዝቦል ኳሶች ይገኙበታል። ቅድስቲቱ ለቤዝቦል የነበራቸው ፍቅር እስከዚያች ቀን ተሰውሮ ኖሯል!

ሐሰተኛውን ለመለየት የእጅ ጽሕፈት ሊቅ መሆን ሁልጊዜ አያስፈልግም፤ የዘመን አቆጣጠር ማወቅ ይበቃል። ሻርፒ የተባለው ማርከር ገበያ ላይ የዋለው በ1964 ነው። በ1937 ያረፈው ሃዊ ሞረንዝ በሻርፒ የፈረመው ካርድ ቢያሳዩዎት ሻጩን አመስግነው ይሂዱ።

ከሁሉ ይልቅ በሐሳቤ የምመላለስበት ግን የ1951–52 ፓርክኸርስት ቁጥር 52 ነው፤ የአሸናፊነቷ ጎል ካርድ። በሚያዝያ 21 ቀን 1951 ቶሮንቶና ሞንትሪያል ለስታንሊ ዋንጫ አምስተኛውን ጨዋታ ያደርጋሉ። የዚያ ፍጻሜ አምስቱም ጨዋታዎች የተለዩት በተጨማሪ ሰዓት ነው። በዚህኛው ቢል ባሪልኮ የተባለ የ24 ዓመት የቶሮንቶ ተከላካይ፣ ጎል በማግባት የማይታወቅ፣ ወደ ፊት ዘሎ መታና ዋንጫውን አመጣ። በነሐሴ 26 ቀን፣ ከሰሜን ኩቤክ የዓሣ ማጥመድ ጉዞ ከአንድ ወዳጁ ጋር በትንሽ አውሮፕላን ሲመለስ፣ ሰውም አውሮፕላንም ጠፉ። ለ11 ዓመት የት እንደ ወደቁ አልታወቀም። ስብርባሪው በሰሜን ኦንታሪዮ ጫካ የተገኘው በሰኔ 1962 ነው፤ ቶሮንቶ ከእርሱ ጎል በኋላ የመጀመሪያውን ዋንጫ ካነሣች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ።

ካርዱ የወጣው እርሱ ከጠፋ በኋላ በመጣው የውድድር ዘመን ነው። ባሪልኮ ያን ካርድ አላየውም። በሕይወቱ ሳለ ስሙን ያኖረባቸው ሌሎች ወረቀቶች ይኖራሉ፤ በቁጥር 52 ላይ ግን ፊርማው ኖሮ አያውቅም፣ ሊኖርም አይችልም። በካናዳ በዚያን ክረምት በአምስት ሳንቲም ፓኬት እየገዙ ካርዱን ያገኙ ልጆች፣ ሬዲዮው ገና «የጠፋው» እያለ የሚጠራውን ሰው በእጃቸው ይዘው ነበር።

ታሪኩ ወደ ሌላ ትውልድ የተላለፈው እንደገና በካርድ ነው። በ1990ዎቹ መግቢያ ፕሮ ሴት የተባለ ኩባንያ ስለ ባሪልኮ በካርድ ጀርባ ላይ ያተመውን ጥቂት መስመር ያነበበው የትራጂክሊ ሂፕ ባንድ ድምፃዊ ጎርድ ዳውኒ ዘፈን አደረገው። በ1992 ዘፈኑ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ቶሮንቶ የባሪልኮን አምስት ቁጥር መለያ ማንም እንዳይለብሰው አከበረችው።

በቁጥር 52 ላይ እውነተኛ ፊርማ ይኑርልኝ ያለ ሰው አንድ መንገድ ነበረው። በዚያች ሌሊት ጎሉ የገባበት የሞንትሪያል ግብ ጠባቂ ጄሪ ማክኔይል እስከ 2004 ኖሯል።